የብስክሌት የፊት ሹካ በቤት ሲጠገን የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ብስክሌት ለብዙ ሰው የዕለት እንጀራ መሣሪያ ነው። እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ተማሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ዕቃ አመላላሹም በብስክሌት ይሄዳል። የዱሮዎቹ ብስክሌቶች የፊት ሹካቸው ደረቅ ብረት ነበር። ዛሬ ከውጭ ከሚገቡት ውስጥ ግን፣ አዲስም ይሁኑ ያገለገሉ፣ ብዙዎቹ የፊት ሹካቸው የሚለጠጥና የሚሰበሰብ ነው። ይህ ሹካ ለእጅና ለትከሻ ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን እንደ ደረቁ ሹካ ተረስቶ የሚኖር ዕቃ አይደለም። በየጊዜው ተከፍቶ መጽዳት አለበት። ለዚህ ሥራ ምን ምን መሣሪያ ያስፈልጋል? ቤት ውስጥ ካለው የትኛው ይበቃል? የትኛውስ ይጎዳል? በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንን ነው።

አስቀድመን የሹካውን አሠራር እንወቅ። የፊት ሹካ የምንለው የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ አቅፎ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ነው። የሚለጠጠው ሹካ ሁለት ዋና ክፍል አለው። አንደኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ሁለት የሚያብረቀርቁ ቱቦዎች ናቸው። ሁለተኛው እነዚህን ቱቦዎች ክንድ በእጅጌ ውስጥ እንደሚገባ አድርጎ የሚቀበላቸው የታችኛው ክፍል ነው። እኛም ከዚህ በኋላ «እጅጌ» እንለዋለን። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ እጅጌው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉድጓዱን ሲያልፍ ይመለሳል። እንዲመለስ የሚገፋው በአንዳንዱ ሹካ የብረት ሞላ ነው፤ በሌላው ደግሞ የታመቀ አየር ነው። ከሞላው ወይም ከአየሩ ሌላ በአንደኛው እግር ውስጥ የመመለሱን ፍጥነት የሚያበርድ ክፍል ይኖራል። በርካሾቹ ሹካዎች ላይ ይህ ማብረጃ ላይኖርም ይችላል።

በእጅጌው አፍ ላይ ጥቁር የጎማ ቀለበት ይታያል። መካኒኮች ጎሚኒ ይሉታል። ሥራው አቧራን ከውጭ ማስቀረት፣ ቅባትን ከውስጥ መያዝ ነው። ከጎሚኒው ሥር በብዙ ሹካ ላይ ዘይት የጠጣ የስፖንጅ ቀለበት አለ። ከዚያ በታች ቱቦው የሚንሸራተትባቸው ቡሺንግ የሚባሉ ቀለበቶች አሉ።

ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? ከአቧራና ከውሃ ነው። ጎሚኒው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ደቃቅ አቧራ ቀስ በቀስ ይገባል። አቧራው ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ቱቦውን ይፍቃል። ዘይት ቢያረጅ ይለወጣል፣ ጎሚኒም ቢያረጅ ይቀየራል። የቱቦው ልባስ ግን አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ቱቦውን ለመቀየርም የሹካውን ግማሽ መግዛት ይሆናል። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ ገንዘብ ቢኖርም ዕቃው አይኖርም። በጥቂት ጠብታ ዘይት ሊድን የሚችል ሹካ እንዲህ ሆኖ ይሞታል።

ታዋቂ አምራቾች ለዘይት ሹካዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ልክ የ50 ሰዓት ጉዞ ነው። ይኸውም በ50 ሰዓት አንድ ጊዜ እጅጌው ወርዶ ይጸዳ ማለት ነው። እስቲ እናስላው። በቀን 1 ሰዓት የሚነዳ ሰው 50 ሰዓት የሚሞላው በ50 ቀን ነው። በቀን 20 ደቂቃ ብቻ የሚነዳ ተማሪ ግን 150 ቀን፣ ማለት 5 ወር ያህል ይፈጅበታል። በክረምት ጭቃና በበጋ አቧራ የሚነዳ ሰው ቀኑን ቢያሳጥር ይሻለዋል። የተጸዳበትን ቀን በደብተር መጻፍ ነው። ካልተጻፈ ማን ያስታውሰዋል!

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። ይህ ዓይነቱ ሹካ በሞተር ብስክሌት ላይ ብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። ለተራራ ብስክሌት ተስማምቶ በሰፊው ለገበያ የቀረበው ግን በቅርብ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ፖል ተርነር ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት ከአጋሩ ጋር ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። ፖል ተርነር ከዚያ በፊት በሞተር ብስክሌት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። ስለዚህ የሞተር ብስክሌት ሹካ የሚያውቅ መካኒክ የብስክሌቱን ሲያይ ብዙ አይገርመውም። ልዩነቱ የብስክሌቱ ቀጭንና ስስ መሆኑ ነው። ለሞተር የሚሆን ጉልበት ለብስክሌት ቢሰጡት ይሰብረዋል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ነው። ብዙዎች አለን ቁልፍ ይሉታል። እንደ ክርን የታጠፈ ብረት ነው። የሹካው እጅጌ ከታች፣ ከእግሮቹ ጫፍ በሚገቡ ሁለት ብሎኖች ይታሰራል። እነዚህ ብሎኖች በብዙ ሹካ ላይ የሚፈቱት በ5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ነው። በአንዳንድ ሹካ በአንደኛው እግር ጫፍ የምትዞር ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች፤ እርሷን ለማውለቅ 2 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ሊያስፈልግ ይችላል። በብሎን ፈንታ ዳዶ ያለባቸው ሹካዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ተራው ቀለበት መፍቻ ወይም ቡሶላ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቁጥር ማንበብ ትልቅ ጥቅም አለው። በገበያ ሁለት ዓይነት አለን ቁልፍ ይሸጣል። አንዱ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው፤ 4፣ 5፣ 6 እየተባለ ይጻፍበታል። ሌላው በኢንች የተለካ ነው፤ 3/16፣ 7/32 እየተባለ ይጻፍበታል። ሁለቱ ለዓይን አንድ ይመስላሉ። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ 3/16 ኢንች ወደ ሚሊ ሜትር ሲለወጥ 4.76 ይሆናል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ነው። ስለዚህ በ5ቱ ብሎን ውስጥ ይገባል፣ የያዘም ይመስላል። ጉልበት ሲጨመርበት ግን ይዞርና የብሎኑን ስድስት ጎን በልቶ ክብ ያደርገዋል። ክብ የሆነ ብሎን ደግሞ በምን ይፈታል? በመሰርሰሪያ ነው፤ ያም ሌላ ጣጣ ነው። ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ብሎን መንካት አይገባም። ጠርዙ የተበላ አሮጌ ቁልፍም ቢሆን ያው ነው፤ ለሌላ ሥራ ይቀመጥ።

ሁለተኛው መሣሪያ መዶሻ ነው። መዶሻ ስንል የፕላስቲክ ወይም የጎማ ራስ ያለውን ነው። ከውስጥ ያለው ዘንግ በእጅጌው ጫፍ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ብሎኑ ቢላላም እጅጌው እሺ ብሎ አይወርድም። ትንሽ ምት ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጥገና ቤት ግን የብረት መዶሻ አንሥቶ እጅጌውን ከጎኑ ሲቀጠቅጥ አይተናል። እጅጌው ከቀላል ብረት የተቀለጠ ነውና ይሰነጠቃል። የጎማ መዶሻ ከሌለ ተራውን መዶሻ ይዞ በመሃል ወፈር ያለ እንጨት ማስገባት ይቻላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው፤ የመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አዲስና መርፌ የሌለው ይሁን። በእጅጌው ውስጥ የሚጨመረው ዘይት በጣም ትንሽ ነው። እንደ ሹካው ዓይነት በአንድ እግር 5፣ 10 ወይም 20 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። የግራውና የቀኙ እግር መጠን የሚለያይበት ጊዜም አለ። 10 ሚሊ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ይህን በግምት ከጣሳ ማፍሰስ አይቻልም። ከበዛ እጅጌው መሰብሰብ ይሳነዋል፣ ጎሚኒውንም ገፍቶ ይወጣል። ካነሰ ቱቦው ይደርቃል። በእኛ አስተያየት በውድ ከሚገዛ ልዩ መሣሪያ ይልቅ ይህች ሲሪንጅ ትጠቅማለች።

አራተኛው ጨርቅና አልኮል ነው። ጨርቁ ክር የማይተው፣ ታጥቦ የደረቀ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። አሮጌ ካናቴራ ደኅና ነው። አልኮሉ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ነው። በየጋራዡ ዕቃ የሚታጠበው በቤንዚን ወይም በናፍጣ ነው፤ ለሹካ ግን ይህ አይሆንም። ቤንዚን ጎሚኒን ያሳብጣል፣ ያበላሻልም። ከእሳት አደጋውም በላይ ማለታችን ነው። ጎሚኒውን በካቻቢቴ መፋቅም ክልክል ነው፤ አንዲት ጭረት ብትኖረው ዘይት ያፈስሳል። ጨርቁን በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልሎ የእጅጌውን ውስጥ መወልወል ይበቃል።

ስለ ዘይትና ስለ ግራሶ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሹካ ዘይት በስሙ ይሸጣል፤ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ መደብሮች አንዳንድ ጊዜ ይኖራቸዋል። ውፍረቱ በቁጥር ይገለጻል፤ የትኛው ቁጥር እንደሚስማማ የሚናገረው የአምራቹ መመሪያ ነው። በሹካው እግር ላይ የተጻፈውን የአምራች ስምና ዓይነት ገልብጦ በስልክ መፈለግና መመሪያውን ማንበብ ይቻላል። ካልሆነም የሚያነብ ሰው መጠየቅ ነው። የፍሬን ዘይት ግን በምንም ምክንያት ሹካ ውስጥ አይግባ፤ ጎሚኒውን ይበላዋል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ ከርሞ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ደግሞ ልብ እንበል፤ በርካሾቹ የሞላ ሹካዎች ብዙዎቹ እጅጌያቸው ውስጥ ከመጀመሪያውም ዘይት የለም፤ ግራሶ ብቻ ነው ያላቸው። ጎሚኒያቸው ዘይት ለመያዝ አልተሠራም። እነዚህን አጽድቶ ለጎማ የሚስማማ ግራሶ በስሱ መቀባት እንጂ ዘይት መሙላት ትርፉ መሬት ማራስ ነው።

የአየር ሹካ ላለው ሰው አንድ መሣሪያ ይጨመራል። ይህም መለኪያ ያለው ትንሽ የሹካ ፓምፕ ነው። በሹካው ውስጥ ያለው የአየር ቦታ ጠባብ ነው፤ ግፊቱ ግን ከፍተኛ ነው። የጎማ ነፊዎች ኮምፕሬሰር እዚህ ላይ አይሠራም። በአንድ ትንፋሽ ከልክ በላይ ያስገባና ውስጡን ሊያፈነዳው ይችላል። ፓምፕ የሌለው ሰው ቢጎረብት ወይም ጓደኛሞች አዋጥተው አንድ ቢገዙ ይሻላል፤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚነካ ዕቃ ነው።

እስከ አሁን የዘረዘርነው እጅጌውን አውርዶ ለማጽዳት ይበቃል። የቱቦውን ራስ ከላይ ለመክፈት ግን ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። የላይኛው ክዳን ብዙውን ጊዜ ጠርዙ በጣም ስስ ነው። ተራ ቡሶላ አፉ ወደ ውስጥ ጎደል ብሎ ስለተሠራ ስሱን ጠርዝ በደንብ አይዝም፤ ተንሸራትቶ ይልጠዋል። መካኒኮች ለዚህ የቡሶላውን አፍ በሞላ ፍቀው ያስተካክሉታል። በፒንሳ የሚሞክሩም አሉ፤ ውጤቱ የተቦጫጨቀ ክዳን ነው። ማብረጃውን መፍታት ደግሞ ለሠለጠነ ሰው የሚተው ሥራ ነው። ሹካው ተጸድቶም መመለሱ እንደ ፈንጠዝያ ከሆነ፣ ወይም ከማብረጃው ውስጥ ዘይት የሚያፈስስ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

አሁን አሠራሩን በቅደም ተከተል እንይ። የፊቱ ጎማ ይውለቅ። የዲስክ ፍሬን ያለው ከሆነ ጎማው ከሥራው ቦታ ርቆ ይቀመጥ፤ የፍሬኑም መያዣ በፌስታል ይጠቅለል። ይህ ቀልድ አይደለም። በዲስኩ ወይም በፍሬን ሸራው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ከወደቀ ፍሬኑ አይዝም፤ ሰውየውም ይህን የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

የአየር ሹካ ከሆነ በመጀመሪያ ግፊቱ ይነበብና ይጻፍ። ከዚያ አየሩ ቀስ ብሎ በሙሉ ይለቀቅ፤ እየተለቀቀም ሹካው ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ይጫን። አየር እያለበት ክዳን የፈታ ሰው ክዳኑ ዓይኑ ላይ ሊፈናጠርበት ይችላል። መነጽር ቢደረግ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የታችኞቹ ብሎኖች ይላላሉ። ከታች ሆነን ፊት ለፊት ስናያቸው ወደ ግራ ሲዞሩ ይላላሉ። በሙሉ አይውጡ፤ ሦስት ወይም አራት ዙር ብቻ። ብሎኑ እንደ ገባ ራሱ ላይ በጎማ መዶሻ መታ መታ ይደረግ። ዘንጉ ሲላቀቅ ብሎኑ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይሰማልም። ብሎኑን አውጥቶ ባዶውን ዘንግ መምታት ግን ጥርሱን ያበላሻል። ከዚህ በኋላ ሥሩ ሳህን ይቀመጥ፣ ብሎኖቹ ይውጡ፣ እጅጌው በሁለት እጅ ወደ ታች ይሳብ። የሚወርደው ዘይት ጥቁር ቢሆን አያስደንግጥ፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። አሮጌው ዘይት ወደ ቦይ ወይም ወደ ሐይቅ አይደፋ፤ በጠርሙስ ተይዞ የሞተር ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ ይሰጥ።

ቱቦዎቹ ሲጸዱ ጥፍርን ከላይ ወደ ታች ማስኬድ ነው። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ካለ ዘይት በዚያ ይወጣል። ስፖንጁ ይውጣ፣ ይጠብ፣ ይጨመቅ፣ ደርቆም አዲስ ዘይት ይጠጣ። የጎሚኒው ከንፈር በግራሶ ይቀባ። እጅጌው ሲመለስ ሳይጣደፉ ነው፤ ጎሚኒው እንዳይታጠፍ በጣት እየረዱ እስከ ግማሽ ይገባል። ያኔ ሹካው ጋደም ይላል፣ በታችኛው የብሎን ቀዳዳ በሲሪንጅ የተለካው ዘይት ይገባል፣ እጅጌው እስከ መጨረሻው ይገፋል፣ ብሎኖቹም ይመለሳሉ። ከብሎኑ ጋር ያለችው ትንሽ ቀለበት ከተጨፈለቀች በአዲስ ትቀየር።

ብሎኑ ምን ያህል ይጥበቅ? በብዙ ሹካ ላይ ልኩ 7 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ የእያንዳንዱን መመሪያው ይነግራል። ለዚህ የሚሠራው መለኪያ ያለው መፍቻ ውድ ነው። በሌለበት ግን በስሌት መቅረብ ይቻላል። 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 7 ኪሎ ግራም ቢንጠለጠል ኃይሉ 7 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። 7 ሊትር ውሃ 7 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጀሪካን በ7 ሊትር ውሃ ሞልቶ አንድ ጊዜ በእጅ ማንሣት ነው። ያን ያህል ክብደት እጅ ካወቀ በኋላ ቁልፉን ከጫፉ ይዞ ያንኑ ያህል መጫን ይቻላል። በሙሉ ክንድ ተንጠልጥሎ ማጥበቅ የዘንጉን ጥርስ ይበላል።

በመጨረሻ አየሩ በተጻፈው ልክ ይሞላ። ጎማውና ፍሬኑ ይመለሱ። በቱቦው ላይ ከጎሚኒው በላይ ቀጭን ክር ይታሰርና ነጂው የዘወትር ዕቃውን ይዞ ቀስ ብሎ ይቀመጥ፣ ቀስ ብሎም ይውረድ። ክሩ ወደ ላይ የተገፋበት ርቀት ይለካ። የሹካው ሙሉ ጉዞ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ልክ ነው። ከዚህ ከበለጠ አየር ይጨመራል፣ ካነሰ ይቀነሳል። ከዚያ ብስክሌቱ ሳይነዳ፣ ቆሞ እንዳለ የፊት ፍሬኑ ተይዞ ወደፊት ይገፋ፤ ይያዝ እንደሆነ ይታይ። ሌሊቱን ከሥሩ ወረቀት ተነጥፎ ይደር። ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ መንዳት ይቻላል፤ ጠብታ ካለበት የዚያኛው እግር ብሎን እንደ ገና ይፈታ፣ ቀለበቷም ትታይ።